አዲሱን ካሜራ በግቢ ወፍ መሞከር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ ካሜራ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው የቡና ስኒውን ነው። ቀጥሎ ልጁን፣ ከዚያ ሶፋ ላይ የተኛችውን ድመት። ሁሉም ቆንጆ ሆኖ ይወጣል፣ እሱም ደስ ይለዋል፣ ጉዱ የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ለዘመድ ሠርግ አንሳልን ሲባል ነው። እኔ ሁልጊዜ የምለው ዕቃውን ይዛችሁ ግቢ ውጡና ወፍ አንሱበት ነው። ከታች ያሉት ይህን ስል ደጋግመው የሚመጡብኝ ጥያቄዎች ናቸው። የምኖረው አዲስ አበባ ስለሆነ ወፎቹም የአዲስ አበባ ናቸው፣ ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ነው።

ለምን ወፍ? ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ለጥፌ ባነሳስ?

ጋዜጣውንም አንሱት፣ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ግን ጋዜጣ አይንቀሳቀስም፣ ቅጠል ውስጥ አይደበቅም፣ ብርሃን አይቀያየርበትም። ወፍ ትንሽ ናት፣ አንድ ቦታ አትረጋም፣ ከፊቷ ቅርንጫፍ፣ ከኋላዋ የሚያንጸባርቅ ሰማይ አለ፣ ላባዋ ላይ ደግሞ ከፀጉር የቀጠነ መስመር አለ። ፎከሱም፣ ሴንሰሩም (ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው)፣ ሌንሱም፣ የናንተም እጅ ባንድ ጊዜ ይፈተናሉ።

የግቢ ወፍ ያልኩበት ምክንያት ደግሞ ተመልሳ ስለምትመጣ ነው። ያው የልብስ ማስጫ ሽቦ፣ ያው የአጥር ጫፍ፣ ብዙ ጊዜም ያው ሰዓት። ዛሬ ያበላሻችሁትን ነገ በዚያው ርቀት፣ በዚያው ብርሃን ትደግሙታላችሁ። ባሌ ድረስ ሄዳችሁ አንዴ ብቻ ያያችሁት ወፍ ብዥ ብሎ ቢወጣ ጥፋቱ የናንተ ይሁን የሌንሱ በምን ታውቃላችሁ?

የኔ ግቢ ጠባብ ነው፣ ከድንቢጥ በቀር ምን ይመጣል?

አስተውላችሁ ስለማታዩ ነው። አንድ ጠዋት ቡናችሁን ይዛችሁ ግማሽ ሰዓት ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ሬት ወይም ቦትል ብራሽ የተተከለበት ግቢ ከሆነ ቆልማማ ረጅም ምንቃር ያላት አበባ ቀሳሚ ትመጣለች፣ ሰንበርድ የሚሏት። ከተማችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የምትታየው ታካዜ ሰንበርድ ናት፣ ስሟ ከተከዜ ወንዝ የመጣ ነው። ቢጫው ሸማኔ ወፍም ይኖራል። ረጅም ጭራቸውን እያንጠለጠሉ ቅርንጫፍ ላይ እንደ አይጥ የሚርመሰመሱት፣ ፍሬና ቡቃያ የሚጨርሱባችሁ ቡናማዎቹ ማውስበርዶች ናቸው። ቆርቆሮው ላይ የሚራመደው ቁራ፣ ያ ምንቃሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ እምብዛም የማይገኝ ወፍ ነው። የውጭ ሰው እሱን ለማየት ቲኬት ቆርጦ ይመጣል፣ እኛ ድንጋይ እንወረውርበታለን።

ለፈተና ግን ብርቅ ወፍ አያስፈልግም። ድንቢጥና ዋኔ ይበቃሉ። ዋኔ ቀስ ብላ ስለምትራመድ ለጀማሪ ጥሩ ናት።

ሌንሱን ወንድሜ ከዱባይ ያመጣልኛል። መቼ ልሞክረው?

ሻንጣው በተከፈተበት ቀን። ከተቻለ ደግሞ ከዚያም በፊት።

ውጭ ያሉ መደብሮች ብዙ ጊዜ ዕቃ የሚመልሱት በ14 ወይም በ30 ቀን ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ ግን ዕቃው ይገዛል፣ ዘመድ ቤት ይቀመጣል፣ ሰው እስኪገኝ ይጠበቃል፣ ሲደርስ ቀኑ አልፏል። እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ ረጅም ሌንስ መጣልኝ፣ ለጥምቀት እጠቀምበታለሁ ብዬ ሳጥኑን እንኳን በደንብ ሳላየው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ስከፍተው ከ400 ሚሜ በላይ ዙም ሲደረግ ፎከሱ ወዲያ ወዲህ እያለ አልቆም አለ። የመመለሻው ቀን ካለፈ ቆይቷል፣ ገዝቶ የላከልኝም ሰው አገር ቀይሯል። ጥገናው የሌንሱን ዋጋ ሲሶ አስወጣኝ። ጥምቀትንም በስልክ አነሳሁ።

ስለዚህ የሚገዛላችሁን ሰው እዚያው ሞክርልኝ በሉት። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ያለ ከሆነ ጓሮው ቀይ ካርዲናል አያጣም። ዱባይ ያለ ከሆነ ማይና የሚባለው ቡናማ ወፍ መኪና ማቆሚያው ሁሉ ላይ አለ። እስራኤል ያለው ደግሞ የኛዋን የምትመስል ሰንበርድ አበባ ያለበት በረንዳ ላይ ያገኛል። ሃያ ፎቶ ያንሳና በቴሌግራም ይላክላችሁ፣ ግን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል። እንደ ፎቶ ከላከው ቴሌግራም ጨምቆ ስለሚያሳንሰው ጥራቱን መፍረድ አይቻልም።

ካሜራውን በምን አስተካክዬ ልጀምር?

አውቶ ላይ አትተዉት፣ አውቶ ከሆነ የምትፈትኑት የካሜራውን ግምት ነው። እኔ የምጀምርበት ይህ ነው፦ ማኑዋል (በእጅ የሚስተካከለው)፣ ሸተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/1000 ሰከንድ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ሌንሱ እስከሚከፈትበት ድረስ (ኤፍ 5.6 ወይም 6.3፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) አውቶ። ፎከሱን ተከታታይ አድርጉት፣ ካኖን ኤአይ ሰርቮ ይለዋል፣ ኒኮንና ሶኒ ኤኤፍ-ሲ ይሉታል። አዲስ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) ከሆነ የወፍ ዓይን መለያውን አብሩት፣ ብዙዎቹ ሲሸጡ ሰው ላይ ነው የተደረጉት፣ ለዚህ ነው ሰዎች ካሜራዬ ወፍ አያይም ብለው የሚያማርሩት።

1/1000 ለተቀመጠች ወፍ በዛ እንዳትሉ። ትንንሾቹ ጭንቅላታቸውን የሚያዞሩበት ፍጥነት ዓይን አይከተለውም። ብርሃኑ ሲያንስ 1/500 ውረዱ። ለበረራ 1/2000 እና ከዚያ በላይ።

አይኤስኦ 3200 ሲደርስ አትደንግጡ። ሽንብራ ሽንብራ የሚያክል ነጠብጣብ ያለበት ግን ጥርት ያለ ፎቶ በኮምፒውተር ይስተካከላል። የተንቀሳቀሰ ፎቶ ግን አይድንም።

ሰዓቱ? ጠዋት ከ12 ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ከ10 ሰዓት በኋላ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ወፎቹም ይጠፋሉ።

ሁሉም ፎቶዬ ብዥ ይላል። ሌንሱ ተበላሽቶ ይሆን?

ይህ ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሌንሱ ደህና ነው። ግን እምነት አይበቃም፣ ብዥታው ዓይነት ስላለው ለይታችሁ እዩት። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ 100 በመቶ አጉሉት።

ወፏም፣ ቅርንጫፉም፣ ቅጠሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እንደተሳበ ከሆነ እጃችሁ ነው የተንቀጠቀጠው። ሸተሩን ከፍ አድርጉ፣ ክርናችሁን ደረታችሁ ላይ አስደግፉ ወይም የበሩን መቃን ተደገፉ። ማረጋጊያ ያለው ሌንስ ከሆነ የሸተሩን ቁልፍ ግማሽ ተጭናችሁ ለአፍታ ጠብቁት፣ ምስሉ ሲረጋ በመመልከቻው ውስጥ ይታያችኋል።

ቅርንጫፉ ጥርት ብሎ ወፏ ብቻ ከተሳበች የተንቀሳቀሰችው እሷ ናት። ማረጋጊያው የናንተን እጅ እንጂ የወፏን ጭንቅላት አይዝም። ይህን ስንት ሰው እንደማያውቅ ብነግራችሁ ይገርማችኋል። መፍትሔው ሸተር ብቻ ነው።

ጭራዋ ወይም ከኋላዋ ያለው ቅጠል ጥርት ብሎ ዓይኗ ከደበዘዘ ፎከሱ ቦታ ስቷል። እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ ይጠቅማል። 300 ሚሜ ሌንስ፣ ኤፍ 5.6፣ አነስተኛ ሴንሰር ባለው ካሜራ፣ ሦስት ሜትር ላይ ያለች ወፍ ስታነሱ ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት 2 ሴንቲሜትር ግድም ብቻ ነው። የድንቢጥ ትከሻ ከዚያ ይሰፋል! ስለዚህ ዓይኗ ጥርት ብሎ ጭራዋ ቢደበዝዝ ችግር አይደለም። አንዳንዴ ወደፊት፣ አንዳንዴ ወደኋላ ከሳተ የናንተ አነጣጠር ነው፣ አንዷን የፎከስ ነጥብ መርጣችሁ ዓይኗ ላይ አሳርፉ። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ ከወፏ ኋላ፣ የሚስት ከሆነ ግን ነገሩ የዕቃው ነው። ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ከሆነ ትራይፖድ ላይ አድርጋችሁ ያንኑ ነገር አንዴ በመመልከቻው፣ አንዴ በላይቭ ቪው (የጀርባውን ስክሪን እያያችሁ) አንሱት። በላይቭ ቪው ጥርት ብሎ በመመልከቻው ከደበዘዘ ካሜራውና ሌንሱ አልተግባቡም ማለት ነው፣ አንዳንድ ካሜራዎች ውስጥ ማስተካከያው ሜኑ ላይ አለ፣ ከሌለ መልሱት። ሚረርለስ ፎከሱን የሚለካው ሴንሰሩ ላይ ስለሆነ ይህ ጣጣ እምብዛም የለበትም።

ከሁሉ የሚያሳብደው ደግሞ ምንም ነገር ጥርት የማይልበት፣ ውኃ ውስጥ የተነሳ የሚመስለው ነው። ከቀኑ 5 ሰዓት በኋላ በጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሻግራችሁ ካነሳችሁ ይህ ይመጣል። የጋለው ቆርቆሮ አየሩን ያርገበግበዋል፣ ረጅም ሌንስ ደግሞ እርግብግቡን ያጎላዋል። የሚሊዮን ብር ሌንስም ቢሆን አያልፈውም። ቦታ ቀይሩ ወይም ጠዋት ኑ።

እና እባካችሁ፣ ሻጩ መስታወት መከላከያ ብሎ በ500 ብር የገጠመላችሁን ፊልተር ፍቱት። ጥርት ያለውን ሌንስ ብዥ የሚያደርገው እሱ ሆኖ ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው። በመስኮት መስታወት ውስጥ ማንሳትም እንደዚያው ነው፣ መስኮቱን ክፈቱት።

ወፏ ጥቁር ጥላ ሆና ትወጣለች። የሴንሰሩ ችግር ነው?

አይደለም። ካሜራው ከኋላዋ ያለውን ነጭ ሰማይ አይቶ ብርሃን በዛ ብሎ ቀነሰው። ብርሃን ማስተካከያውን ወደ ፕላስ 1 ወይም ፕላስ 1.7 ግፉት። ከዚያ የሚሻለው ግን ከኋላዋ ሰማይ ሳይሆን ዛፍ የሚሆንበት ቦታ መቆም ነው።

ወንዱ ታካዜ ሰንበርድ ለዚህ ፈተና የተፈጠረ ይመስለኛል። ጥላ ውስጥ ሲሆን ጥቁር ነው፣ ምንም አይስብም። ፀሐይ ሲመታው ደረቱ ሐምራዊ፣ ጭንቅላቱ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነሐስ ይሆናል፣ ሲዞር ደግሞ መልሶ ይጠፋል። ቀለሙ ብርሃን ላባው ላይ ሲነጥር የሚፈጠር እንጂ እንደ ቀለም የተቀባ ስላልሆነ ነው። ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና ሬቱ አበባ ላይ ጠብቁት፣ ብርሃኑን በሐምራዊው ልክ አስተካክሉ። ካሜራችሁ ይህን ቀለም ሳያጠፋ ከያዘ የሐበሻ ቀሚስ ጥበብም አይከብደውም።

ሁለተኛው ፈተና ያ ቁራ ነው። ከሰል የሚመስል ጥቁር፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ። በሮው (ካሜራው ሳያስተካክል በሚያስቀምጠው ፋይል) አንሱትና ነጩ ሳይጠፋ ጥቁሩን ምን ያህል ማብራት እንደሚቻል ኮምፒውተር ላይ ሞክሩ። ስለ ሴንሰራችሁ ከዩቲዩብ ይልቅ ቁራው ይነግራችኋል።

300 ሚሜ ይበቃል ወይስ 600 ልግዛ?

ለግቢ 300 ይበቃል። አነስተኛ ሴንሰር ባለው ኒኮን ወይም ሶኒ ላይ እንደ 450፣ በካኖን ላይ እንደ 480 ነው የሚያየው። 12 ሴንቲሜትር የምታህል ወፍ ሦስት ሜትር ላይ ብትቀመጥ የፎቶውን ወርድ ግማሽ ትሞላለች። ስድስት ሜትር ላይ ሩቡን። ርቀቱን በግማሽ ስትቀንሱ የምታገኙትን ለማግኘት ሌንስ ብትገዙ ስንት እንደሚያስወጣ አስቡት።

600 የሚያስፈልገው ከግቢ ሲወጣ ነው። ደግሞም እነ 150-600 ከሁለት ሜትር ተኩል አካባቢ በታች ፎከስ አይዙም፣ ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ ወፏ እናንተ ጋ ቀርባ ሌንሱ እምቢ ይላል። ሳትገዙ ከሚያከራዩ ሰዎች ለአንድ ቅዳሜ ተከራዩት።

ቴሌኮንቨርተርስ (ካሜራውና ሌንሱ መካከል ገብቶ የሚያጎላው)?

1.4 ብርሃኑን በግማሽ፣ 2 እጥፉ ወደ ሩብ ይቀንሰዋል። ኤፍ 6.3 የሆነው ሌንስ በ1.4 ኤፍ 9 ይሆናል፣ ብዙ ዲኤስኤልአሮች ደግሞ ከኤፍ 8 በላይ በአውቶፎከስ አይሠሩም። በአጭሩ፣ ርካሽ ዙም ላይ አትግጠሙት።

ተከታታይ ሳነሳ ካሜራው መሃል ላይ ይቆማል

ሚሞሪ ካርዱ ነው። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንዱ ሮው ፋይል 25 ሜጋባይት ግድም ነው። በሰከንድ አሥር ካነሳችሁ 250 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው። በብዛት የሚሸጠው ዩኤችኤስ-1 የሚባለው ካርድ ደግሞ ጣሪያው በሰከንድ 104 ሜጋባይት ነው፣ ሲጻፍበት ከዚያም ያንሳል። ካሜራው የያዘውን እስኪያራግፍ ይቆማል፣ ወፏም ትሄዳለች። ወይ በጄፔግ (ተጨምቆ ባነሰው ፋይል) አንሱ፣ ወይ አጭር አጭር ተኩሱ፣ ወይ ፈጣን ካርድ ግዙ፣ ግን መጀመሪያ ካሜራችሁ የሚቀበለው መሆኑን እዩ።

አስመስለው የተሠሩ ካርዶችም አሉ። ላዩ ላይ 128 ጊጋባይት ተጽፎ ውስጡ 16 የሆነ። ወፍ ስታነሱ አንዴ እስከ መጨረሻው ሙሉትና ሁሉም ፎቶ ይከፈት እንደሆነ እዩ። ይህን ሠርግ ላይ ከማወቅ ይሻላል።

በረራ እንዴት ልሞክር?

ከድንቢጥ አትጀምሩ፣ ተስፋ ትቆርጣላችሁ። ጠዋት ጠዋት እየጮኹ በቡድን የሚያልፉት ምንቃራቸው ቆልማማ የሆነ ትልልቆቹ አይቢሶች ጥሩ ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚበሩት፣ ጩኸታቸው ቀድሞ ስለሚሰማ ለመዘጋጀት ጊዜ አላችሁ። ጭላትም ክብ እየሠራ ስለሚዞር አንዴ ቢያመልጣችሁ ተመልሶ ይመጣል። ሥጋ ቤት አጠገብ የምትኖሩ ታድላችኋል።

ድምፅ አልባውን ኤሌክትሮኒክ ሸተርም በዚሁ ሞክሩት። አንዳንድ ካሜራ ላይ ክንፉ ተጣሞ፣ የጎማ መስሎ ይወጣል። ተበላሽቶ አይደለም፣ ሴንሰሩ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነበው ነው። ለበረራ ወደ ሜካኒካሉ መልሱት።

ጥሬ ልበትን? ወፎቹ እንዲቀርቡ ምን ላድርግ?

ከጥሬ በፊት ውኃ። በተለይ በበጋ፣ ከኅዳር በኋላ፣ ጠፍጣፋ የሸክላ ነገር ላይ ሦስት ሴንቲሜትር ውኃ አድርጉና በየቀኑ ቀይሩት። ድመት ተደብቃ የማትዘልበት ቦታ ይሁን። ከጎኑ አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ትከሉ፣ ወፏ ከመውረዷ በፊት እዚያ ላይ ታርፋለች፣ የምታነሷት እዚያ ነው። ፎከሱንም ቀድማችሁ ቅርንጫፉ ላይ መሞከር ትችላላችሁ።

ጥሬ ከሰጣችሁ ዳጉሳ ወይም ማሽላ፣ እፍኝ። ጨው ያለበት ምግብና የሻገተ እንጀራ አይሆንም። ጎጆ ካያችሁ ራቁ። ለፎቶ እንዲመች ብሎ ቅርንጫፍ መቁረጥ ጫጩቶቹን ለቁራ መስጠት ነው። የወፍ ድምፅ በስልክ እያጫወቱ መጥራትም አልወድም፣ አካባቢዬን ሌላ ወፍ ወረረው ብላ ስትዋከብ ነው የምትውለው።

ጎረቤት ቢቆጣስ?

ይቆጣል። ክንድ የሚያህል ሌንስ ወደ አጥሩ ስታዞሩበት ምን ያስብ? እኔ ሠፈር እትዬ ከማዶ ግቢ ሆነው "ልጄ፣ ምንድን ነው የምትመለከተው?" ብለው ጠሩኝ። ሄድኩና የሰንበርዷን ፎቶ አሳየኋቸው። አሁን እሳቸው ናቸው ዛሬ ቢጫዋ መጣች ብለው የሚጠሩኝ። ቀድማችሁ ንገሩ፣ ፎቶም አሳዩ። ግቢያችሁ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከካምፕ ወይም ከኤምባሲ የሚዋሰን ከሆነ ግን በዚያ በኩል ሌንስ አታዙሩ፣ ወፍ ነው የማነሳው ብሎ ማስረዳት ቀን ሊያስውል ይችላል።

ያገለገለ ካሜራ ስገዛም ይሠራል?

እንዲያውም ለእሱ ይብሳል። ሻጩን ካሜራውን ለአንድ ጠዋት እንዲተውላችሁ ጠይቁት፣ እምቢ ካለ እናንተም እምቢ በሉ። ከወፉ ሌላ፣ ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ባዶ ሰማይ አንሱ፣ የሴንሰሩ ቆሻሻ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሌንሱን ከኋላ በስልክ ባትሪ አብርታችሁ በፊት በኩል እዩ፣ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት።

በስልክስ?

ውኃው አጠገብ ስልኩን አስቀምጣችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፣ እናንተ ቤት ግቡ። በዲጂታል ዙም አትድከሙ።

ያነሳሁትን ወፍ ስም እንዴት ልወቅ?

መርሊን የሚባል ነፃ አፕ አለ፣ ፎቶውን ስትሰጡት ይገምታል፣ ድምፅ ሰምቶም ይሞክራል። የሚሰጣችሁ ስም እንግሊዝኛ ነው። የአማርኛውን ስም ግን ከአፑ ይልቅ ገጠር ያደጉ አባትና እናቶቻችሁን ጠይቁ፣ ፎቶውን አጉልታችሁ አሳዩአቸው። የኔ አባት ማውስበርዱን አይቶ ስሙን ከመንገሩ በፊት ስንት ጎመን እንደበላበት ነው የጀመረው፣ ስሙን እስካሁን አልነገረኝም።